የትርንጎ እርሾ

ደብሪቱ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታበላው ባሏን ሳይሆን ምስጦቿን ነው። ባሏ ክንፈ ይህን አንዴ በቀልድ፣ አንዴ በምር ተናግሮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያገኘው መልስ «አንተ ቤት ትሠራልኛለህ?» የሚል ስለሆነ፣ ዝም ብሎ ሻዩን ራሱ ማፍላት ለመደ።

ምስጥ የሚባሉት የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ ቤት ሠሪ ማሽኖች ናቸው። አሮጌ ብሎክ በአዲስ በሚተካው የምትክ ቢሮ ወረቀት ላይ ምላስ የሚያስር ረጅም ስም አላቸው። የሰንበሌጥ ኮንዶሚኒየም ሰው ግን አሮጌ ኮንክሪት እየቆረጠሙ፣ አዲስ ግድግዳ እየተፉ ሽቅብ ሲወጡ አየና ምስጥ አላቸው፤ አለቀ። መጀመሪያ አሮጌውን ብሎክ ከጣሪያው ጀምረው ይበሉታል። ከዚያ የበሉትን ይዘው በባልዲ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ይህ የባልዲ ጭቃ እርሾ ይባላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ባልዲ አለው። በባልዲው ያሉት ምስጦች የበሉት የዚያን ቤት ግድግዳና ወለል ብቻ ስለሆነ፣ ቤቱ የትና የት አልቆ እንደሳሳ ያውቃሉ፤ እግር የበዛበትን፣ እጅ የዳበሰውን፣ ጀርባ የተደገፈውን። አዲሱን ቤት ሲያበቅሉ ሰው ያዘወተረውን ቦታ ያሰፉታል፣ ያልደረሰበትን ያጠቡታል። አቶ ውብሸት የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የኔ ቤት አልጋ ብቻ ሆኖ ሊበቅል ነው» ብለው ነበር።

የደብሪቱ ሥራ መመገብ ነው። የብሎክ አስራ ሁለት ነዋሪዎች ተሰብስበው መጋቢ አድርገው መርጠዋታል። ጠዋት ጠዋት፣ ብሎኩ እስኪበቅል ለየቤተሰቡ ሜዳው ላይ ከተተከለው ተጣጣፊ ቤት ወጥታ ወደ ኮሚናል ትሄዳለች። ኮሚናል በግ ሲታረድበት፣ ልብስ ሲታጠብበት፣ ድግስ ሲደገስበት የኖረ የጋራ ቤት ነው። የኮንክሪት ብናኝ በስኳር ውሃ በጥብጣ በየባልዲው ታፈሳለች፣ በእንጨት ማንኪያ ታማስላለች፣ ትከድናለች። ምስጦቹ ሲጠግቡ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ያሰማሉ።

በማዶው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ከብሎክ አስራ አንድ የተረፈው እርሾ አለ፤ ምናልባት ግድግዳ ቢሰነጠቅ ለመጠገኛ ነው። ከባልዲዎቹ በአንዱ ላይ «ትርንጎ» ተብሎ ተጽፏል። እሱን መመገብ የደብሪቱ ድርሻ አይደለም። በየጠዋቱ ግን ክዳኑን ሳታየው አትወጣም።

ትርንጎና ደብሪቱ እናቶቻቸው በአንድ እጣ ቤት ደርሷቸው፣ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ብሎኮች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያደጉ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ትርንጎ አግኝታው ደብሪቱ ያላየችው ነገር የለም። ትርንጎ ሹሩባ ስትሠራ ደብሪቱ ከመስኮት አየች። ትርንጎ ቤት ራሱን የሚያጸዳ ማቀዝቀዣ ሲገባ ደብሪቱ ተሸካሚዎቹ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳረፉ ሳይቀር አየች። ትርንጎ ስታገባ ደግሞ ባልየው ጨረቃ ላይ ገልባጭ የሚነዳ ሆነና፣ ደብሪቱ የሰማይ መብራት ባየች ቁጥር ስለ ትርንጎ እንድታስብ ተገደደች። የደብሪቱ ባል ግን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ማታ ማታ ሳህን ያጥባል።

በዚያ ዘመን ሰንበሌጥን የሚገዛ ቀርቶ በነፃ የሚቀበል አይገኝም ነበር። ቧንቧው ዝጓል፣ ደረጃው ተሸራርፏል፣ ፍሳሹ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው አልጋ ይንጠባጠባል። ደላላ የሚባል ፍጥረት ወደ ሰፈሩ የሚያመጣውን መንገድ ረስቶት ነበር። የምትክ ቢሮው ዘዴ ይዞ መጣ። ከአንድ ግቢ መጀመሪያ አንድ ብሎክ ብቻ ይተካል። ነባሮቹ ነዋሪዎች ሳይከፍሉ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፣ ከላያቸው የሚበቅሉት ተጨማሪ ፎቆች ለገበያ ይወጣሉ፣ የዚያ ሽያጭ ቀጣዩን ብሎክ ያሠራል። ብሎኩ እንዲበላ ግን ሁሉም ነዋሪ መፈረም አለበት። የብሎክ አስራ ሁለት ሰው «ምስጥ አናስበላም» ብሎ ስንት ስብሰባ በተነ። አቶ ውብሸት «ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው» ብለው ነበር። ብሎክ አስራ አንድ እንደ ኩይሳ እየተነፋ ወጥቶ፣ ደላሎች በመኪና መመላለስ ሲጀምሩ ግን ፊርማው በአንድ ጠዋት ተጠናቀቀ። ቀድመው የፈረሙት አቶ ውብሸት ናቸው።

«ምስጡን የሠራው መሐንዲስ ነው» አለ ክንፈ፣ «ፊርማውን የሰበሰበው ግን ቅናት ነው። አንዱን ቀድመው የሚሠሩት ለምን ይመስልሻል?»

«እኔ በማንም አልቀናሁም» አለች ደብሪቱ።

«ስምሽን ጠራሁ እንዴ?»

የትርንጎ ቤት ምረቃ የዋለው ብሎክ አስራ ሁለት ተበልቶ ሜዳ ከሆነ በኋላ ነው። ደብሪቱም ሄደች። ቀርታ ቀናች ከምትባል ሄዳ ብትቃጠል ይሻላታል። ቤቱ ውስጥ ስትገባ ግድግዳውን በመዳፏ ነካች፤ ለብ ይላል። መደርደሪያዎቹ ከግድግዳው ራሱ የበቀሉ ናቸው፣ ልክ የትርንጎ እጅ በሚደርስበት ከፍታ። ከሁሉም የባሰው ግን መስኮቱ ነው። የሳሎኑን ግድግዳ ግማሽ ይዟል፤ ደፉ ሰፊ ነው፣ መሃሉ ላይ ክርን የሚያርፍባቸው ሁለት ለስላሳ ጎድጓዳዎች አሉት። ይህ ሁሉ ሆኖ መስኮቱ ወደ ተራራው አያይም። በቀጥታ የሚያየው ብሎክ አስራ ሁለት ወደነበረበት ባዶ ሜዳ ነው።

«ትርንጎ» አሉ አቶ ውብሸት ሳህናቸውን ይዘው፣ «ተራራው ወዲያ፣ መስኮቱ ወዲህ! ምስጦችሽ አቅጣጫ አያውቁም?»

ትርንጎ ሳቀች። ወዲያው ግን ያላለቀ ሳህን ልታነሳ ዞር አለች።

ደብሪቱ ነገሩ ገባት። ወይም የገባት መሰላት። «እኔን ነው። እኔ ተመልሼ ስገባ ፊት ለፊት ተቀምጣ ልታሳየኝ ነው» አለች በሆዷ። ታምሩ የሚባል ደላላ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ ትርንጎ ጆሮ ጠጋ ብሎ ዋጋ ሹክ ሲላት፣ ትርንጎ «አልሸጥም አልኩህ!» አለች፤ ሁሉም ሰማ። ደብሪቱ እዚያው፣ ጉርሻዋን ሳትውጥ ማለች፦ የእኔ ሲበቅል ከዚህ በላይ ሸጬው፣ ሻንጣዬን ይዤ በዚህ መስኮት ሥር ነው የማልፈው።

ግን የእሷ እንዴት ሆኖ ነው እንዲህ የሚበቅለው? የአሮጌ ቤቷ ግድግዳ ምን ያስታውሳል? የውሃ ጀሪካን የተጎተተበት ወለል፣ በእግር ካልመቱት የማይከፈት የሽንት ቤት በር። እንዲህ እያሰበች ሳለ ትርንጎ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«ደብሪቱዬ፣ ወንበር አነሰን። የኮሚናል ቁልፍ አንቺ ጋ ነው አይደል?»

ለምረቃው ተጠርታ ወንበር አምጪ ተባለች! የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች ወረደች። ኮሚናል ማንም የለም። ወንበሮቹ በአንድ በኩል፣ የትርንጎ ባልዲ በሌላ በኩል።

በሰንበሌጥ እርሾ መዋዋስ የቆየ ነገር ነው። የአንዷ ሊጥ እምቢ ሲል እጇ ከቀናላት ጎረቤት ኩባያ ይላካል፤ የዚያች ቤት እርሾ የዚህችን ያቃናል። ደብሪቱ ከሁሉም ቤት ተውሳ ታውቃለች። የትርንጎን በር ግን ለእርሾ አንኳኩታ አታውቅም፤ ሊጧን ብትደፋው ይቀላታል። አሁን ደግሞ በር የለም፣ ማንኳኳት የለም። ሻዩን ደፋች፣ ከትርንጎ ባልዲ አንድ ኩባያ ጨለፈች፣ የራሷ ላይ ገለበጠች፣ አማሰለች። ምስጦቹ እንደ ጠገቡ ሁሉ ያቺን ድምፅ አሰሙ።

ወንበሮቹን በላብ ተጠምቃ ስታስገባ ትርንጎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

«ኧረ ምንም አይደል» አለች ደብሪቱ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትርንጎ ከልቧ።

ብሎክ አስራ ሁለት መብቀል ጀመረ። አንደኛው ፎቅ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ። ደብሪቱ የተጣጣፊ ቤቷ በር ላይ ቁጭ ብላ ታያለች፤ ደላላው ታምሩም አንድ ሁለቴ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ነቅንቋል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በደብሪቱ ሳሎን ግድግዳ፣ ነገሩ ቆመ።

ምስጦቹ አልሞቱም። ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ የፊተኛውን እየነካካ፣ እንደ ጥቁር ቀለበት። የሌላው ቤት ምስጦች የእሷ ግድግዳ ካላለቀ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችሉ እነሱም ቆሙ። ሰኔ ደግሞ ገባ። ያልተጠናቀቀ የምስጥ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ወደ ድንጋይነት የሚለወጠው የመጨረሻው ጣሪያ ሲገጠም ነው። አንድ ጥሩ ዝናብ ከወረደበት ብሎኩ በሙሉ ወደ ሜዳው ይፈሳል፣ የተበላ ቤት ደግሞ ሁለተኛ አይበላም።

ከምትክ ቢሮው ጀማል መጣ። ማስቲካ የሚያኝክ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ባለሙያ ነው። ማዳመጫውን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆየና ማኘኩን አቆመ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እዚህ ግድግዳ ውስጥ ሁለት ቤት አለ።»

«ሁለት ቤት እንዴት ይሆናል?»

«የሌላ ሰው እርሾ ገብቷል፤ ባለቤቱ መጥቶ የራሱን ካልጠራ አይለዩም። ባልዲዎቹን የሚነካው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ግን… አይጥ ይሆናል።»

«ክዳን የሚከፍት አይጥ?»

«የዘንድሮ አይጥ ምን የማይከፍተው አለ?» አለችና ወደ ታች ወረደች።

ታች ስትደርስ ሰማዩ ከወደ ተራራው ጠቁሯል። የብሎኩ ሰው ያለውን ይዞ እየሮጠ ነው። ላስቲክ፣ ብርድ ልብስ፣ የእድሩ ድንኳን። አቶ ውብሸት የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው፣ በማያልቅ ግድግዳ ላይ አንዷን ጥግ ሸፍነው፣ በሸሚዝ ቆመዋል። «እኔ መጀመሪያ ፈረምኩ እኮ» ይላሉ ለማንም ሳይሆን። «ባልፈርም ኖሮ አሮጌው ቤቴ ነበረኝ።»

ደብሪቱ ሌላ አልጠበቀችም። ብሎክ አስራ አንድ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ፣ አንኳኩታ የማታውቀውን በር አንኳኳች።

«እርሾ ወስጄብሻለሁ» አለች፣ ትርንጎ በሩን ሳትከፍተው በፊት።

«ምን እርሾ?»

«የባልዲውን። የምረቃሽ ቀን። ቤቴ እንዳንቺ እንዲሆን ብዬ።»

ትርንጎ በሩን ከፍታ አየቻት። «ብትጠይቂኝ እከለክልሽ ነበር?»

«አትከለክዪኝም። የከበደኝ እሱ ነው።»

ትርንጎ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ደብሪቱ ቀጠለች። «ምስጦቹ ቆመዋል። ጀማል ደግሞ ባለቤቷ መጥታ የራሷን ካልጠራች አይለዩም ይላል፤ ዝናቡ ሳይመጣ ነይልኝ።»

«ምን እየሠሩ ቆሙ?»

«መስኮት።»

«የቱን መስኮት?»

«ፊት ለፊት የሚያየውን። እንዳንቺው።»

የትርንጎ ፊት ተለወጠ። ደብሪቱ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን እፍረት ነው። ትርንጎ ነጠላዋን አነሳች፣ መለሰች፣ እንደገና አነሳች። «እሺ፣ ልምጣ» አለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

ጀማል ነገሩን አስረዳቸው። በአንድ ቤት ምስጦች መሃል ባዕድ ሲገባ የቤቱ ምስጦች ለይተው ያወጡታል፤ ጉንዳን የሞተውን እንደሚያወጣ። እነዚህ ግን የትኛው ባዕድ እንደሆነ ጠፍቷቸው፣ እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ ይዞራሉ። ምስጥ የበላውን ቤት ባለቤት መዳፍ ያውቃል፤ ትርንጎ እጇን ስታስቀምጥ የእሷዎቹ ይመጣሉ፣ ጀማል ያነሳቸዋል።

ትርንጎ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። ቀለበቱ ተበተነና ምስጦቹ በሙሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ወደ እጇ መጡ።

«በሙሉ መምጣት አልነበረባቸውም» አለ ጀማል። «እርስዎ ይሞክሩ እስቲ፣ እትዬ ደብሪቱ።»

ደብሪቱ እጇን አደረገች። በሙሉ ወደ እሷ ዞሩ።

ጀማል ማዳመጫውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ባትሪውን ቀየረ፣ እንደገና ሰማ። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አያቸው።

«መሣሪያው ደህና ነው። የሁለታችሁም ቤት አልቆ የሳሳው አንድ ቦታ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ። ፊት ለፊት ባለው መስኮት፣ በዚሁ ቁመት፣ ክርን ለክርን። ምድጃችሁ አይገጥምም፣ በራችሁ አይገጥምም፤ ግን እሱን ሁሉ አንድ ላይ ብትደምሩት መስኮቱን አያክልም። እነሱ አንድ ሰው ነው የመሰላቸው።»

ነጎድጓድ ተሰማ። ሁለቱም ሴቶች ግድግዳውን ያያሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም።

«አንቺ ደግሞ እኔ ቤት ምን አለና ነው ስታዪ የነበርሽው?» አለች ደብሪቱ በመጨረሻ።

«ክንፈ ሳህን ሲያጥብ ያንጎራጉራል» አለች ትርንጎ። «አንቺ ትሰድቢዋለሽ። እሱ ይስቃል። አንቺም ሳትፈልጊ ትስቂያለሽ።»

«ይህንን ነው?»

«የኔ ሰው ሲደውል ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እኔ ቀልድ እነግረዋለሁ፣ እሱ ሲስቅ እኔ ሌላ ወሬ ላይ ነኝ። ማታ ጨረቃን እያየሽ አስቢኝ ይለኛል። ጨረቃ ከሰለቸችኝ ቆየሁ፤ የማየው የናንተን መብራት ነበር።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «አንቺስ?»

ደብሪቱ አንድ የሚያምር ነገር ልትል ፈለገች። አልመጣላትም። «ማቀዝቀዣሽን» አለች።

ትርንጎ በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቋ በባዶው ፎቅ ላይ አስተጋባ። ጀማል ሳይቀር ማስቲካውን ሊውጥ ምንም አልቀረው።

«ቅናት ይሁን ናፍቆት ምስጥ አያውቅም» አለ ራሱን ሲያረጋጋ። «የሚያነበው መደገፉን ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ መንገድ አለ። ሁለታችሁንም የዚህ ቤት ሰዎች ብዬ ላስመዝግባችሁ፤ ያኔ የሚያወጡት ባዕድ አይኖርም፣ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሕጉ ግን ከባድ ነው፤ በግድግዳው የተመዘገበ ሰው ሁሉ ካልፈቀደ ቤቱ አይሸጥም።»

ደብሪቱ ሻንጣዋን አሰበች። በመስኮቱ ሥር ማለፏን፣ የታምሩን ሹክሹክታ፣ ከትርንጎ የሚበልጠውን ዋጋ። ይህን ሁሉ የምታስረክበው ለማን ነው? ለትርንጎ! ከዚያ ወደ ታች አየች፤ አቶ ውብሸት በሸሚዝ ቆመው ካፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ግድግዳው ላይ ይዘዋል።

«መዝግባት» አለች። «ምን እዳ ነው የመጣብኝ!»

ሁለቱ ጎን ለጎን መዳፋቸውን አደረጉ። ምስጦቹ ለጥቂት ጊዜ በሁለቱ እጆች መካከል ተመላለሱ፤ ከዚያ፣ ክርክር እንደሰለቸው ሰው፣ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ያን ቀን ዝናቡ ተራራው ላይ ዘንቦ ቀረ። ሰፈሩ ላይ የወረደው ጣሪያው ተገጥሞ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ነው።

አሁን በደብሪቱ ሳሎን ደፉ የሰፋ መስኮት አለ፤ ጎድጓዳዎቹ አራት ናቸው። ክንፈ መጀመሪያ ሲያያቸው «የሻይ ቤት ባንኮኒ ነው እንዴ?» ብሏል። ደላላው ታምሩ ግን ወዶታል፤ ገዢ ይዞ መጣ፣ ለትርንጎ ካቀረበው በላይ ዋጋ ጠራ። ደብሪቱ ደረቷን ነፍታ መስኮቱን ከፈተች።

«ትርንጎ! ከአንቺ በላይ ሰጡኝ! ልሽጠው?»

ትርንጎ በማዶው መስኮት ብቅ አለች፤ እጇ ላይ ሊጥ አለ። ዋጋውን ስትሰማ ዓይኗ ሲቀላ ደብሪቱ በግልጽ አየች፣ ደስም አላት።

«አልፈቅድም!» ጮኸች ትርንጎ።

«ምቀኛ!»

«አዎ ነኝ!»

ደብሪቱ ወደ ታምሩ ዞረች። «ይኸው ሰማህ አይደል፣ ምን ላድርግ?» አለች፤ ፊቷ ግን ያዘነ ሰው ፊት አልነበረም። ደላላውን ሸኝታ ተመለሰችና ክርኖቿን ደፉ ላይ አሳረፈች። ጎድጓዳዎቹ ልክ ናቸው። ሌሎቹን ሁለቱንም ሞከረቻቸው፤ እነሱም ልክ ናቸው፤ የእሷ የትኞቹ እንደሆኑ መለየት አቃታት። ከኋላዋ ክንፈ ሳህን እያጠበ ያንጎራጉራል። በማዶ ትርንጎ እጇን ታጥባ መጋረጃዋን ወደ ጎን ሳበች፤ ደብሪቱ ድንገት ቀና አለች።

«ክንፈ! ሳህኑን ተውና ና እስቲ! ያ መጋረጃ ትናንት ነበር?»